መኪናዬ ወደ ቀኝ ትስባለች፤ አላይመንት ሁለት ጊዜ አሠርቻለሁ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት (ክሩን) የከፈትኩት እኔው ነኝ። እሁድ ከሰዓት ነበር፤ የድሬ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በሚቀመጥበት ሰዓት። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ኮሮላዬ ወደ ቀኝ ትስባለች። መሪውን ትንሽ ላላ ካደረግኩት ሦስት ሳልቆጥር የመንገዱን ጠርዝ ትጠጋለች። የፊት ሁለቱን ጎማዎች አዲስ ካስገጠምኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። አላይመንት (የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል) ሁለት ጊዜ አሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁሉም ነገር ልክ ነው ተብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ከከዚራ ሐረር በሳምንት ሦስት ቀን እመላለሳለሁ። የደንገጎን ዳገት ስወጣ ከመኪናዋ ጋር ትግል ነው፤ ሐረር ስደርስ ግራ ክንዴ ዝሏል። ምን ልሞክር? ብዬ ለጠፍኩት።

ይህን እስክጽፍ ድረስ 41 መልስ ደርሷል። ሁሉን ቃል በቃል አልገለብጠውም። ግማሹ ስለ ጎማም አይደለም።

1ኛው መልስ የመጣው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀደመና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ የጎማዎቹን ንፋስ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ በራሴ መለኪያ ለክቼ እንደሆነ። አልለካሁም ነበር። ጎሚስታው ሞልቶታል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከፊት ጎማዎች አንዱ ከጎደለ መኪና ወደ ጎደለው በኩል እንደምትስብ አስረዳኝ። የላላው ጎማ መሬት ላይ ይተኛል፤ ለመሽከርከር ይከብደዋል፤ ስለዚህ መኪናዋን ወደ ራሱ ይጎትታል። 2ኛው በሙሉ ልብ ተቃራኒውን ጻፈ፤ መኪና ከጎደለው ጎማ ትሸሻለች ብሎ። 3ኛው አረመው፤ አስተራረሙ ግን ሻከር ያለ ነበር፤ ሳይሞክሩ መምከር ይቅር የሚል ዓይነት። 2ኛው ተመልሶ አልመጣም። እኔ በበኩሌ አዘንኩለት፤ ማንም ይሳሳታል።

በማግስቱ በ12 ሰዓት ተነስቼ ለካሁ። የሾፌሩ በር ሲከፈት ፍሬሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የፊቱን 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይላል። የግራው 32 ነበር። የቀኙ 27። እፎይ አልኩ፤ ነገሩ አለቀ መሰለኝ። አስተካክዬ በመልካ ጀብዱ መንገድ ወጣሁ። መሳቡ ትንሽ ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ይህንን 5ኛ አድርጌ ጻፍኩ፤ ክሩም ከዚያ ወዲያ ነው የተንጣጣው።

6ኛው ምክሩን የሰጠው ከልቡ ነው፤ ግን ጣጣ አመጣ። በድሬ ሙቀት ጎማ እንዳይፈነዳ ከተጻፈው ቁጥር ላይ አራት አምስት ፒኤስአይ ማጉደል ይሻላል አለ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ሲያደርጉ ኖረዋል። 7ኛው እሱን ደገፈ። 8ኛው ግን ተናደደ። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። የላላ ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ለመበጠስ ወዲያና ወዲህ ስናጣጥፈው እንደሚግለው ማለት ነው። ያ ሙቀት ነው ላስቲኩን ከውስጡ ካለው የብረት ሽቦ የሚያላቅቀው። ስለዚህ ጎማ እንዳይፈነዳ ብሎ ማጉደል ራሱ የማፈንጃ መንገድ ነው አለ። ደግሞም የበሩ ላይ ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ የተጻፈ ነው። ሙቀቱ በአምስት ስድስት ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ወደ 1 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጠዋት 32 የነበረው ቀትር ላይ፣ ከሐረር መልስ፣ 36 ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ ጎማውን የሠሩት ሰዎች ያንን አስበውበታል። በጋለበት ሰዓት ያስተነፈስከው ሲበርድ ጎድሎ ያድራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሩ ላይ የ6ኛውን አባት አነሳ። እዚያ ላይ አለፈ። 9ኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ የሚመስሉ ሰው፣ ሙግት በጎማ ይሁን እንጂ በወላጅ አይሁን ብለው ገሰጹት። 8ኛውም ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። የድሬ ልጅ ቱግ ይላል እንጂ ቂም አይይዝም።

ከ10 እስከ 12 ያለው የከፍታ ክርክር ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ያዝናናኝ ይኸኛው ነው። 10ኛው ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር መሆኗን አስታወሰና፣ ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ድሬ የተሞላ ጎማ ሐረር ላይ ሲለካ ጨምሮ እንደሚገኝ ጻፈ። 11ኛው የለም፣ ሐረር ስለሚበርድ ይቀንሳል አለ። ሁለቱ ስሌት በስሌት ተማዘዙ። 12ኛዋ ገብታ ገላገለቻቸው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ከፍታው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ብርዱም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፣ እዚያው በዚያው ይጣፋል አለች። ይልቅስ ብላ ቀጠለች፤ ከፍታውም ብርዱም አራቱንም ጎማ እኩል ነው የሚነካው፤ ይህ መኪናን ወደ አንድ ጎን ሊስብ የሚችለው በየትኛው ተአምር ነው? ማንም አልመለሰላትም።

13ኛው ሐረሬ ነው፤ ለመቀለድ ብቻ የገባ። እነሱ ዘንድ መኪና እንደማትስብ፣ ጀጎል ውስጥ ለመሳብም ቦታ እንደሌለ፣ ግራና ቀኙ ግንብ ቀጥ አድርጎ እንደሚያስኬድ ጻፈ። መኪና ግርግር ሰፈርን ጠቅሶ እዚያ የሚጮኸው መኪና ሁሉ የልብስ ስፌት ነው አለ። ለማያውቅ፣ የመንገዱ ስም የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሱን እኒያው 9ኛው ሽማግሌ ናቸው፤ 14ኛ ሆነው። ድሮ ሐረር ላይ ፔጆ 404 ይነዱ ነበር። መኪናዬን የፈተሽኩበትን መንገድ ጠየቁኝ። መንገድ ዝናብ እንዳይቋጥር መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ የቀኝ ዳራችን ሁልጊዜ ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ጤነኛ መኪናም ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ይህንን ሲሉ አገሩ በግራ ይነዳ የነበረበትንና በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ የዞረበትን ጊዜ አነሱ። የሚሻለው ሜዳ የሆነ ቦታ መፈለግ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም መሞከር ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ቀኝ ከሳበች መንገዱን አይክሰሱት። 15ኛው እጅ ከመሪ ለቆ መሞከር የሚባለውን ነገር አጥብቆ ኮነነ፤ ሁለት ጣት ይበቃል፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ በመጠነኛ ፍጥነት። እኔን ነበር የሚቆጣው። ልክ ነው። 16ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የእሱም ትስባለች፣ ከፊት ግን አንድ ጎማ ብቻ ስላላት ማንን ከማን ያወዳድር? የኋላዎቹን ለካ ተባለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ የአንዱ ንፋስ የሌላውን እኩሌታ እንደነበር አበሰረን። በዚህ ክር መጀመሪያ የዳነው እሱ ነው።

እኔም በሁለቱም አቅጣጫ ሞከርኩ። ወደ ቀኝ።

17ኛው ፍሬንን ጠረጠረ። ከመንዳት መልስ ሳትነካ እጅህን ወደየቸርኬው አስጠጋ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል አለ። ፍሬን ስትረግጥ ብቻ የምትስብ ከሆነም እዚያው ነው ነገሩ። የእኔዎቹ እኩል ናቸው፣ ስረግጥም ለውጥ የላትም። 18ኛው የአላይመንት ባለሙያ ነኝ ብሎ መጣ። ሁሉም ሰው አላይመንት ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል፤ ሦስት ነው አለ። ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው ጎማ ይበላል እንጂ ብዙውን ጊዜ መኪና አይስብም። የሚስቡት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው፤ የጎማው ጎንና ጎን ዘንበል ማለት፣ እና ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ መጋደም፣ እነሱም የግራና የቀኙ ሲለያይ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክለው ይሸኙሃል፤ ወረቀቱን አሳየኝ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት። አይቶ ሁሉም ሰላም ነው አለ። ከዚያ ዝም። ገንዘቤን ሁለት ጊዜ የሰጠሁበት ወረቀት ነው እንግዲህ።

19ኛው ነው ቁልፉን የያዘው። ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ግማሹ ሰው ሳያነበው አልቀረም። መጀመሪያ የጠየቀው ለምን እስካሁን ማንም የፊት ጎማዎቹን ቦታ አቀያይር አላለህም የሚል ነው። ክሪክና የጎማ ቁልፍ ካለህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። ከዚያ ያንኑ መንገድ ንዳ። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ወይም ከጠፋ ጥፋተኛው ጎማ ነው። እዚያው ቀኝ ላይ ከቀረ ወደ ሌላው ክፍል ሂድ። ምክንያቱንም በሲኒ አስረዳ። የቡና ሲኒ በጎኑ አጋድማችሁ ገፋ ብታደርጉት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ ስለሆነ ወደ ግርጌው እየዞረ ክብ ይሠራል። አንዳንድ ጎማ ከፋብሪካው ሲወጣ በጥርሱ ሥር የተጠመጠመው የብረት ሽቦ መቀነት ከመሃል ትንሽ ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ይወጣል። በዓይን አይታይም። ንፋስ ሲሞላና ክብደት ሲያርፍበት ግን እንደ ሲኒው ነው። አዲስ ነው፣ ክብ ነው፣ ባላንሱም (የክብደት ሚዛኑም) ልክ ነው፤ ግን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ጎን ሲቀይር የሚገፋበትም አቅጣጫ ይቀየራል። አላይመንት የሚለካው የብረቱን አቋም እንጂ የጎማውን ጠባይ ስላልሆነ ማሽኑ ይህንን አያየውም።

ይህን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። የእናቴ ሲኒ ከረከቦቱ ወድቆ ወዴት እንደሚንከባለል ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

20ኛው አስጠነቀቀኝ፤ ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለው ዝም ብለህ አታቀያይር። ቀስት ያለው ጎማ በአንድ አቅጣጫ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ ጎን ለመቀየር ከቸርኬው ወርዶ ተገልብጦ መገጠም አለበት። የእኔው ቀስት የለውም። 21ኛው ደግሞ እግረ መንገድህን የተመረተበትን ቀን እይ አለ። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አየሁ። አንዱ 1123 ይላል፣ ሌላው 3821። አንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ እንደ መንታ የተሸጡልኝ ጎማዎች! ሻጩን እዚህ ላይ ስሙን አልጠራም፤ እሱ ያውቀዋል። 22ኛው እሳት ለብሶ ይህ ማጭበርበር ነው ሲል፣ 19ኛው ተመልሶ ዕድሜውና መሳቡ አንድ እንዳልሆኑ ተናገረ። ትናንት የተመረተም ሊስብ ይችላል። ይህን በመለየቱ ወደድኩት፤ ቁጣ ላይ ሆኖ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ቀላል ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አቀያየርኩ። ጎረቤቴ የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ እያጠበቀ አገዘኝ። መልካ ጀብዱ መንገድ ገባሁ፣ ሁለት ጣት መሪው ላይ። ወደ ግራ! መኪናዋ ወደ ግራ ሳበች። ሁለት ወር ወደ ቀኝ ስታገላት የነበረችው ማለት ነው። መንገድ ዳር አቁሜ 23ኛውን እዚያው ጻፍኩ። በቃለ አጋኖ ብቻ የተሞላ ነው።

ከዚያ ክሩ ለአንድ ቀን ሙሉ ከመንገድ ወጣ። የተጀመረው 24ኛው ስኮርታ የሚለውን ቃል ከየት አመጣችሁት ብሎ ሲጠይቅ ነው። የተለዋጭ ጎማ ስም ጣሊያንኛ ነው ተባለ፤ ጎሚስታም፣ ካላማዳሪያም፣ ዳዶም። 26ኛው የድሬ ልጅ በዚህ አልተስማማም። ድሬን የቆረቆራት ባቡሩ ነው፣ ባቡሩን ደግሞ ፈረንሳዮች ናቸው ያመጡት፣ ከተማዋ የተወለደችው በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ ታዲያ ጋራዥና ሹፌር ፈረንሳይኛ አይደሉም ወይ ሲል ሞገተ። ክሪክ የማን ነው የሚለው ላይ ተጣበቁ፤ ሁለቱም አገር ያንኑ ይላል። 29ኛው ሰለቸውና አቦ ተዉን፣ መኪናውን ጠግኑና በፈለጋችሁት ቋንቋ ጥሩት ብሎ ዘጋው።

30ኛዋ ስትመጣ ሳቁ ቆመ። ሐረር የምትኖር መምህርት ናት፤ ጅጅጋ ቤተሰብ አላት። ባለፈው ዓመት መኪናዋ መሳብ ብቻ ሳይሆን ቀስ ብላ ስትነዳ መሪው ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ነበር፤ በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ። ባላንስ ነው ተባለች፣ አሠራች፣ አልተሻላትም። ጎማውን ማንም በእጁ ዳብሶ አላየላትም። ባቢሌን አልፋ፣ እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉ ቋጥኞች ያሉበት አካባቢ፣ የኋላ ጎማዋ ፈነዳ። ከፊት ወደ ኋላ አዛውረውት ነበር። መኪናዋ ዞራ በመጣችበት አቅጣጫ ፊቷን አዙራ ቆመች። ሰው አልተጎዳም። በኋላ ሲታይ የጎማው ሽቦ ከላስቲኩ ተላቆ፣ ጥርሱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አውጥቶ ኖሯል። ለውዝ የሚሸጡ ልጆች ናቸው የረዷት፤ ገንዘብ ስትሰጣቸው እምቢ ብለው ለውዝ ግዢን አሏት።

31ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ፣ መጥፎ ጎማ ግን ቦታው ኋላ ነው፣ መሪ ያለው ከፊት ስለሆነ አለ። መምህርቷ 32ኛ ላይ አልማረችውም። ፊት ቢፈነዳ ቢያንስ መሪ በእጅህ አለ፣ ኋላ ሲፈነዳ ቂጧን የምትጥል መኪና በምንም አትያዝም፤ እሷ ዞራ አይታዋለች፣ እሱ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። 33ኛውና 34ኛው ወገን ለይተው ተነታረኩ፤ አንዱ ሴት ሹፌር የሚል ነገር ጣል አድርጎ ኖሮ አስተናባሪው አጠፋው። ደግ አደረገ። 35ኛው ሁለቱን ነገር ለየልን። መቀነቱ ከፋብሪካ የተንሸራተተ ግን ያልተጎዳ ጎማ ኋላ ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ መሪ ስለሌለ ግፊቱ እምብዛም አይሰማም። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም በዝግታ የሚያወዛውዝ ጎማ ግን ፊትም ኋላም ስኮርታም አይሆንም፤ ይጣላል። መብራት ባለበት አቁሙ፣ ጎማውን እያዞራችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱ አለ።

ዳበስኩ። እብጠት የለም። አንድ ባንድ ከኋላዎቹ ጋር እያቀያየርኩ ሞከርኩ፤ ጥፋተኛው 1123 ሆኖ ተገኘ፣ አዲሱ! 22ኛው ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። 36ኛው አንድ ነገር ጨመረ፤ የእኔ ዕድለኛ አጋጣሚ ነው፣ ሁሉም ጎማ እንዲህ በግልጽ አይናዘዝም። ግፊቱ ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር የተያያዘ ዓይነት አለ፤ እሱ ግራና ቀኝ ቢቀያየርም እዚያው ጎን መሳቡን ይቀጥላል። ስለዚህ አቀያይራችሁ ለውጥ ካጣችሁ ጎማውን ነጻ ከማውጣታችሁ በፊት የፊቱን ከኋላው ጋር አቀያይሩ።

አሁን 1123 ኋላ ነው ያለው፤ ለጊዜው። ኮሮላዬ ትናንት ከአዴሌ እስከ ሐረማያ ባለው ቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። ሻጩን አናገርኩት፤ ሌላ ይመጣልሃል ብሏል። ከ37 እስከ 40 ያሉት እንኳን ደስ አለህ የሚሉና አንድ የፍሪጅ ማስታወቂያ ናቸው።

41ኛው ዛሬ ማለዳ ገባ። አዲስ ሰው ነው። መኪናው ወደ ግራ ትስባለች፣ ለአላይመንት ቀጠሮ ይዟል፣ ጥሩ ጋራዥ ጠቁሙኝ ይላል። የንፋሱን ቁጥር ጠይቄዋለሁ። እስካሁን አልመለሰም።